ያልጠየቅኋቸው ሸህ

የዩኒቨርሲቲ ቅጾች ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የምርምር ፍላጎት»። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዋሉ። እኔም ሳላቅማማ «የሥነ ምግባር ፍልስፍና፣ የሕክምና ፍልስፍና» ብዬ እሞላና ፊርማዬን አኖራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ባልደረባዬ ቅጹን አንብቦ «ሁለቱን አንድ ላይ ያመጧቸው የትኛውን መጽሐፍ አንብበው ነው?» አለኝ። ተናደድሁ። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ሰው ጥያቄ የሚያገኘው ከመጽሐፍ ብቻ ይመስል ሲነገር ግን ድሮም አልወድም። የኔ ጥያቄ የመጣው ከሚሴ ጤና ጣቢያ የመርፌ ክፍል ደጃፍ ካለ አግዳሚ ወንበር ነው። ያመጣችልኝም አንዲት ቅቤ ነጋዴ ናት። ይህን ለማስረዳት ሁለት ጣት ቦታ ስለማይበቃ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጤና ረዳት ሆኜ ተመድቤ የመርፌ ክፍሉ ለኔ ተሰጠኝ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሚሴ የገባ ሰው ስለነበር ያደግሁት እዚያው ነው፤ ኦሮምኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ለቅሜዋለሁ። ክርስቲያን መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ቁብ አይሰጠውም። ጠዋት ጠዋት የላምባ ምድጃውን እለኩሳለሁ፣ የብርጭቆ መርፌዎቹን እቀቅላለሁ፣ ከዚያ የተሰለፈውን በተራ እወጋለሁ። በዚያን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ስልሳ ቀን በተከታታይ መርፌ ይወጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙ ወር ክኒን ይውጣል። ስልሳ ቀን በአፍ ሲሉት ቀላል ነው።

ቅቤ ነጋዴዋ ከጨፋ ሮቢት መጥታ፣ መርፌው እስኪያልቅ ከጤና ጣቢያው ጀርባ እህቷ ቤት ተቀመጠች። የእናቴ እኩያ ናት። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምላት፤ እዚህ «እሷ» የምለው ስለቀረበችኝ ነው። ስትመጣ ሁለት ሰው ደግፏት ነበር። በሠላሳኛው መርፌ ግን ብቻዋን፣ ያውም እየተጣደፈች ትመጣለች። ሳሏ ጠፋ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ምላሷም ተመለሰ። «አንች ልጅ፣ ይህን መርፌ ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የምትስይው?» ትለኛለች። «ድንጋይስ የአንቱ ሥጋ ነው» እላታለሁ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይስቃል። እወዳት ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ከመውደዴ ነው እያልሁ ራሴን ብዙ ዘመን ስላባበልሁ ነው።

ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ተወግታ ከጨረሰች በኋላ መቀነቷን እያጠበቀች «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አልመጣም። ዒድ ሲያልፍ እንገናኛለን፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ።

«ምን ማለትዎ ነው? ግማሽ ላይ እኮ ነን!»

«ክኒኑን ሳይነጋ፣ በሰሁር እውጠዋለሁ። መርፌው ግን የቀን ነው። ጾሜን አልፈታም።»

«ለበሽተኛ ተፈቅዷል እኮ። እኔ ክርስቲያኗ እንኳ አውቀዋለሁ።»

«ለበሽተኛማ ተፈቅዷል። እኔ በሽተኛ ነኝ ወይ?» ብድግ ብላ ፊቴ ቆመች። «እይኝ እስቲ። ሳል የለኝ፣ ላብ የለኝ። ትናንት የእህቴን እንስራ ተሸክሜ ከወንዝ ወጣሁ። ወላሂ ምኔንም አያመኝም። ደህና ሰው በረመዳን ጾም ከፈታ ወንጀል ነው።»

«ደረትዎ ውስጥ ገና አልወጣም።»

«ማን አየው?»

«ሕክምና ያውቀዋል።»

«ደረቱ የኔ ነው፤ እኔ ያላወቅሁትን ሕመም አንች በየት በኩል አወቅሽው?»

የተማርሁት ሕክምናው ግማሽ ላይ ከተቋረጠ በሽታው እንደሚያገረሽ፣ ሲያገረሽም መድኃኒቱን እንደማይሰማ ነው። ይህ ግን የነገ ነገር ነው። እሷ የጠየቀችኝ የዛሬውን ነው። ዛሬ፣ አሁን፣ እንስራ ተሸክማ የዋለች ሴት በሽተኛ ናት ወይስ አይደለችም? በኋላ ነው በዚህች ጥያቄ ላይ ወፋፍራም መጻሕፍት እንደተጻፉ ያወቅሁት። እሷ ግን መቀነቷን እያጠበቀች ነው የጠየቀችኝ።

ሌላ ሲጠፋኝ «ሸሁን ሄጄ ልጠይቅልዎት» አልኋት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ፣ ደረሳ ሰብስበው ቁርአንና ኪታብ የሚያስቀሩ አንድ ትልቅ ሸህ ነበሩ። ቃላቸውን የማያከብር አልነበረም። ፊቷ ፈካ። «እሳቸው ይበሉ እንጂ! እሳቸው ካሉ ሰምቻለሁ፣ ታዝዣለሁ» አለችኝ።

በማግሥቱ አልሄድሁም። በረንዳው በወባ በሚንቀጠቀጥ ሰው ተሞልቶ ስለነበር ጊዜ አጣሁ ማለት እችላለሁ፤ ለብዙ ዘመንም እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሸሁ አይሆንም እንዳይሉ ፈርቼ ነው። ከጠየቅሁና አይሆንም ካሉ፣ ያችን ሴት ሌላ ማንም አይመልሳትም።

በሁለተኛው የረመዳን ቀን ጠዋት መልሷን ልትሰማ መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆመች። መርፌው ተቀቅሎ እየጠበቀ ነበር።

«ጠየቅኋቸው፤ መርፌ ጾም አይፈታም ብለዋል» አልኋት።

«በአፋቸው?»

«በአፋቸው።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ገባችና ዞረችልኝ። ወጋኋት።

የሚያሳፍረኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ መዋሌ ነው። ሕይወት አዳንሁ ብዬ ራሴን አሞገስሁ። በሳምንቱም ውስጥ አንድም ቀን አልከበደኝም። እሷ በየጠዋቱ ጾሟን ይዛ ትመጣለች፤ ሸሁን ትመርቃለች፤ እኔም አሜን እላለሁ። አዎ፣ አሜን ብያለሁ። እንዲህ ስምንት ቀን አለፈ።

ነገሩን ያበላሸው ጭብጨባ ነው። ሰኞ ከሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ የሚገኝበት የውይይት ክበብ ነበረን። «ፍልስፍና» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዚያ ነው። ክበቡን የሚመራው ካድሬ ስለ ቁስ አካል ሲያስረዳ ግማሾቻችን እናንቀላፋለን። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ስለ ሸሁ ያደረግሁትን እየሳቅሁ ነግሬው ነበር። እሱ ደግሞ ተነሥቶ ለጉባኤው አወራው። ካድሬው ደስ አለው። «ጓዲት ኋላ ቀሩን እምነት ለሰፊው ሕዝብ ጤንነት መሣሪያ አድርጋዋለች። ሥነ ምግባር ማለት ይህ ነው፤ ለዓላማ የጠቀመ ሁሉ ትክክል ነው» አለ። አጨበጨቡልኝ።

ጆሮዬ ጋለ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ያደረግሁት ነገር መልካም ይመስለኝ ነበር። ሲያጨበጭቡ ግን ስለ እሷ ማንም አንድ ቃል እንዳልተናገረ ልብ አልሁ። ደህና ናት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። የተጨበጨበው ለኔ ብልጠት ነው፤ እሷ በብልጠት የተዘወረች ዕቃ ሆናለች። ዕቃ ያደረግኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ካድሬው አላደረጋትም። «አይደለም» ብዬ ልነሣ ፈለግሁ፤ ምኑ እንዳልሆነ ግን አላወቅሁትም። አፍሬ ተቀመጥሁ።

ከሚሴ ውስጥ ወሬ አይቆምም። በማግሥቱ ጠዋት ሸሁ በበቅሎ መጡ። አግዳሚው ላይ የነበረው ሁሉ ተነሣላቸው። እሳቸው ግን አስቀመጧቸውና ከሰልፉ መጨረሻ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ። ቅቤ ነጋዴዋ ገና አልመጣችም ነበር። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«አካም ቡልቴ፣ ሀኪም?»

«ደህና አደርሁ፣ አባባ።»

«ጠይቀሽኝ ነበር ይላሉ። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ። ምን ብዬ ነበር የመለስሁልሽ? እስቲ እኔም ልስማው።»

«አልጠየቅሁዎትም፣ አባባ። ዋሽቼ ነው» አልኋቸው።

አልተቆጡም። ብልቃጡን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ነጩን ዱቄት፣ የምበጠብጥበትን ውኃ፣ መርፌውን አንድ በአንድ አዩ። «ሆድ ይገባል?» አሉኝ። አይገባም፣ ሥጋ ነው የሚወጋው፣ ከደም ጋር ይዞራል አልኋቸው። «ዑለሞች በዚህ አይስማሙም። እኔ ብጠየቅ ጀምበር ትጥለቅና ይውጉሽ ነበር የምላት። ማታ አትወጉም?»

«በአሥራ አንድ ሰዓት እንዘጋለን።»

«ይከፈትላት ብለሽ ጠይቀሻል?»

ይህንንም አልጠየቅሁም። ሁለት ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፣ እሳቸውንና ኃላፊውን። አንዱን ፈርቼ፣ ሌላውን ሰንፌ፣ ሁለቱንም ሳልጠይቅ ከሁሉ የቀለለኝን አደረግሁ። የቀለለኝ እሷን ማታለል ነበር።

«ሌላ ልጠይቅሽ። ይቺ ሴት በሽተኛ ናት?» አሉኝ።

«ናት። ዛሬ አያማትም፤ ካቋረጠች ግን ይመለስባታል። ሲመለስ መድኃኒቱም አይዘውም።»

«የምትይው እንግዲህ የነገውን ሕመም ነው።» ብልቃጡን መልሰው ሰጡኝ። «ኪታብ ለዚህም ቦታ አለው። ሕመሙ እንዳይብስበት፣ ሽፋው፣ መዳኑ እንዳይዘገይበት የሚፈራ ሰው ከበሽተኛ ይቆጠራል። እንኳን መርፌ፣ እህል ውኃም ተፈቅዶለታል።»

ደስታዬን መቻል አቃተኝ። «እንግዲያውስ ይንገሯት! በቃ ይኸው እኮ ነው!»

እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ልጄ። የነገውን ሕመም እሷ አታየውም። ታዲያ በማን ቃል ነው የምትፈራው? በታመነ ሀኪም ቃል ነው። አንዳንዱ ሀኪሙ እስላም ይሁን ይላል፤ እኔ መታመኑ ይበቃኛል።» ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንች የታመንሽ ነሽ?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈተና ተቀምጫለሁ፤ ፊቴ የተደረደሩ ፕሮፌሰሮች ሲያፋጥጡኝ ውለዋል። እንደዚያ ቀን ግን ባዶ ሆኜ አላውቅም። መንገዱ ለካ ከመጀመሪያውም ነበር። ዋጋ ያለው የኔ እውነተኛ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ በሁለተኛው የረመዳን ቀን ጠዋት ጨርሼዋለሁ።

ሸሁ ተነሡ። «ገበያው ሳይነግራት አንች ንገሪያት። ይህን እኔ ልሠራልሽ አልችልም። ሂጂ፣ አብሽሪ» አሉኝ።

ጋወኔን እንኳ ሳላወልቅ ወደ እህቷ ቤት ሄድሁ። ቅቤ ነጋዴዋ ግቢው ውስጥ ማሽላ እያበጠረች ነበር። ቆሜ ነገርኋት፤ ሸሁን አልጠየቅሁም፣ ዋሽቼዎት ነው አልኋት። ሰፌዱ በእጇ እንዳለ ቀረ።

«ስንት ቀን ነው?» አለች።

«ስምንት።»

«ስምንት ቀን ረመዳን።» ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። «ሂጂ ወደ ሥራሽ» አለችኝና ማሽላዋን ማበጠር ቀጠለች። ያን ቀን መርፌ አልተወጋችም።

እልህ ያዘኝ፤ እልሄ ከራሴ ጋር ነበር። በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ጤና ጣቢያው ጀምበር ስትጠልቅ ይከፈት አልሁት። ከአውራጃ ፈቃድ ያስፈልጋል አለኝ። እስኪመጣ ክፈትልኝ አልሁት። ላምባ የለም አለኝ፤ ከቤቴ አመጣለሁ አልሁት። ሰዓት እላፊውስ አለኝ፤ ጀምበር በአሥራ ሁለት ትጠልቃለች፣ ሰዓት እላፊው በአራት ነው አልሁት። «ትናንት አጨብጭበንልሽ ዛሬ ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ትናንት ያጨበጨባችሁለትን ላስተካክል ነው» አልሁት። እንቢ ቢል ከቢሮው አልወጣም ነበር፤ እሱም ገብቶታል መሰለኝ ቁልፉን ወረወረልኝ።

በማግሥቱ መግሪብ ሲደርስ መርፌውን ቀቅዬ፣ ፋኖሱን መስኮቱ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። አዛን ተባለ፤ ሰው ሁሉ ሊያፈጥር ገባ። ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም ቀን ቀቀልሁ፣ ጠበቅሁ፣ ማንም አልመጣም። በተከታታይ የተጓደለው መርፌ ሦስት ሆነ። እህቷ ቤት ሄጄ ልለምናት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥሁ። ለምኜ ባመጣት ያው መልሼ እኔ መወሰኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን አፍጥራ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና በተከፈተው በር እያየችኝ «ትናንትም ከትናንት ወዲያም ስትቀቅይ ከእህቴ ግቢ አየሁሽ። ማንን ነበር የምትጠብቂው?» አለችኝ።

«አንቱን።»

«እንደምመጣ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም።»

ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዝም ብላ አትወጋም። ብልቃጡን ታገላብጣለች። ካርዷን እንዳነብላት ታደርጋለች፤ ፊደል ስለማታውቅ የቀረውን መርፌ በበቆሎ ፍሬ መቀነቷ ውስጥ ይዛለች፤ በየቀኑ ከኔ ጋር ታመሳክራለች። እንደ ድሮው አትተርበኝም፤ ቀልዷን ለሌላው ነው የምትሰጠው። ሌሎችም ጾመኞች በመግሪብ መምጣት ጀመሩ። ስልሳኛው ዒድ ካለፈ በኋላ ተሞላ፤ አክታዋን ወደ ደሴ ላክሁ፤ እሷም ክኒኗን ይዛ ወደ ጨፋ ሮቢት ተመለሰች።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ የማታ ትምህርት ስገባ ፍልስፍና መረጥሁ። ቤተሰቤ አበደች አለ፤ ሐኪም እስከመሆን ትደርሳለች ብለው ነበር የሚጠብቁኝ። በየክፍሉ ያች የታወቀች ምሳሌ ትመጣለች፦ ሐኪም ሕመምተኛውን ለማዳን ቢዋሽ ማን ተጎዳ? በሽተኛው ድኗል፣ ውሸቱም አልታወቀም። ተማሪው ሁሉ ማንም አልተጎዳም ይላል። አሁን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ዛሬም እንደዚያው ይላሉ፤ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የምርምር ፍላጎቴ ይህ ነው፤ ተማሪ እንደዚያ ባለ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር። ስለ ውጤት፣ ስለ ግዴታ፣ ስለ በሽታ ትርጉም ብዙ ጽፌአለሁ። የጻፍሁት ሁሉ ተጨምቆ ከአንድ ቀን ወሬ አይበልጥም፤ እሱን ነግሬ ልጨርስ።

ያ ዒድ ካለፈ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነበር። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ ቅቤ ነጋዴዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቋል። ውኃ ላምጣልዎት ብላት ጾመኛ ነኝ አለችኝ።

«ስምንተኛው ነው» አለች።

«የምኑ?»

«በአንች ቃል የጾምኋቸው ቀኖች። ደግሜ ጾሜ ቀዷ አወጣሁ፤ ዛሬ አለቀ።»

«ሸሁ አያስፈልግሽም አላሉዎትም?»

«ብለውኛል። አላህ ይቀበልልሻል ብለውኛል። እነዚያ ቀኖች ግን የኔ አልነበሩም። አንች ነሽ የወሰንሽልኝ። የኔ እንዲሆኑ ደገምኋቸው።» ፊቷን አዞረችልኝ። «አሁን ንገሪኝ፤ ድኛለሁ?»

«አዎ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በጾም አፏ መጥታ፣ እንዴት ደስ ባሰኘኋት!

«አላውቅም። አክታዎ ደሴ ነው፤ ገና አልመጣም። ሲመጣ ጥሩም ይሁን መጥፎ እነግርዎታለሁ» አልኋት።

ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና መንገዷን ያዘች።

ውጤቱ ዘግይቶ መጣ። ወረቀቱን ይዤ በገበያ ቀን ጨፋ ሮቢት ወረድሁ። ከቅቤ ቅሎቿ ኋላ ተቀምጣለች፤ ግራና ቀኟ ማንበብ የሚችል ነጋዴ ሞልቷል። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም፤ ፊቴን ነው ያየችው።

«ንጹሕ ነው» አልኋት።

ሌላ ማንንም አልጠየቀችም።